ከኮተቤ እስከ ወይዘሮ ስኂን፦ ማርጀት ያልተፈቀደላቸው ትምህርት ቤቶች

ዘመናዊቷን ኢትዮጵያ የቀረጹ ተቋማት ሲቆጠሩ ቤተ መንግሥቱ፣ ቤተ ክህነቱና ጦር ሠራዊቱ በቅድሚያ ይጠራሉ። ከ1960ዎቹ ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ተጨምሯል። ስለ ተማሪዎች ንቅናቄ ከተጻፈው አብዛኛው ስድስት ኪሎን ማዕከል ያደረገ ነው። ይሁን እንጂ ስድስት ኪሎ የገባው ተማሪ ከሰማይ አልወረደም። የመጣው ከደሴ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከጅማ፣ ከሐረር፣ ከነቀምት፣ ከመቀሌ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ግቢ በረገጠበት ቀን ጠባዩ፣ የክርክር ልማዱ፣ ስለ አገሩ በአእምሮው የያዘው ሥዕል በአብዛኛው ተሠርቶ ያለቀ ነበር። ይህን ሁሉ የሠራለት የጠቅላይ ግዛቱ ወይም የአውራጃው ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ትምህርት ቤት ነው። መከራከሪያዬ በአጭሩ የሚከተለው ነው። አገራችን በሦስት መንግሥታት ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ከፍታለች፤ ስማቸውን ቀይራለች፤ ተማሪዎቻቸውን አዝምታለች፤ ግቢያቸውን ለሌላ ተቋም ሰጥታለች። አንድ ነገር ግን ነፍጋቸዋለች፤ እርሱም ማርጀት ነው። ትምህርት ቤት በአንድ ስምና በአንድ ግቢ ካላረጀ ልማድ አያፈራም። ልማድ የሌለው ትምህርት ቤት ደግሞ ጥቁር ሰሌዳ የተሰቀለባቸው ክፍሎች ስብስብ ሆኖ ይቀራል። በዛሬው ጊዜ ስለ ፈተና ውጤት የምንሰማው ዋይታ አንድ ሥሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የኮተቤው መነሻ

በሲኤምሲ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ታሪክ የሌለበት ሰፈር ውስጥ የሰፈርን አድርገን እናስባለን። የሰፈራችን ስም ራሱ ከአንድ የጣልያን የግንባታ ድርጅት ምኅፃረ ስም የመጣ ነው። ዳሩ ግን ከዚህ ተነሥቶ በስተሰሜን ወደሚገኘው የኮተቤ መንገድ የወጣ ሰው የኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አንድ ዋነኛ መነሻ ላይ ይደርሳል። ዛሬ የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚገኝበት አካባቢ በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተከፈተበት ነው። በዚያን ዘመን ኮተቤ ከከተማዋ ውጭ ያለ ገጠር ነበር።

ከዚያ አስቀድሞ ዘመናዊ ትምህርት አልነበረም ማለት አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በንጉሠ ነገሥቱ የመጨረሻ የአገዛዝ ዓመታት፣ ተፈሪ መኰንን በ1917፣ እቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በ1923 ዓ.ም. ተከፍተዋል። ሆኖም የጣልያን ወረራ ያን ጅምር ከሥሩ ቆረጠው። በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተካሄደው ጭፍጨፋ ፋሺስቱ ፊደል የቆጠረውንና የውጭ ትምህርት የቀሰመውን ወጣት እየለየ ገድሏል። ነጻነት ሲመለስ አገሪቱ ምኒስትር፣ ዳኛ፣ መሐንዲስ የሚሆን ሰው በእጅጉ አጥሯት ነበር። የትምህርት ምኒስትርነቱን ንጉሠ ነገሥቱ ለራሳቸው መያዛቸው ጉዳዩ ምን ያህል አንገብጋቢ እንደነበረ ያሳያል። ኮተቤ የዚያ ጥድፊያ ልጅ ነው።

ትምህርት ቤቱ አዳሪ ነበር። የአዳሪነቱን ትርጉም ዛሬ ላይ ሆነን በቀላሉ አንረዳውም። ከልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች ተመርጠው የመጡ ልጆች አንድ ማዕድ ይቆርሳሉ፤ አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ፤ በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። የመኳንንት ልጅና አባቱን በጦርነቱ ያጣ ልጅ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ማስተማሪያው እንግሊዝኛ፣ መምህራኑም በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. እስኪከፈት ድረስ ከዚህ ትምህርት ቤት የጨረሰ ተማሪ ዕጣው ወይ መሥሪያ ቤት መግባት ወይ ባሕር ማዶ መሻገር ነበር።

ከኮተቤ ከወጡት ሁለቱን ብቻ ላንሣ። አንደኛው መንግሥቱ ለማ ነው። ከዚያ ወደ ለንደን ሄዶ ተመልሶ «ያላቻ ጋብቻ»ን የመሰለ ኮሜዲ ጻፈልን፤ የተውኔቱ ዋና ሰው ከፍ ያለ ትምህርት የቀሰመ የመሳፍንት ወገን ሆኖ ሳለ የከተማውን ሹመት ትቶ ወደ ገጠር የሚወርድ ወጣት መሆኑ ልብ ይሏል። ሁለተኛው ግርማሜ ንዋይ ነው። ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ዊስኮንሲንና ኮሎምቢያ ተምሮ ተመለሰ፤ በወላይታ አስተዳዳሪነቱ መሬት ለጭሰኛ ለማከፋፈል ሲሞክር ተነሥቶ ወደ ጅጅጋ ተላከ፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድሙ ከብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር የመፈንቅለ መንግሥቱን ሙከራ መራ። የንጉሡን ስም በተሸከመ ትምህርት ቤት ተምሮ ያደገው ሰው የንጉሡን ዙፋን ለመገልበጥ የተነሣ የመጀመሪያው ምሁር ሆነ። መንግሥት ትምህርት ቤትን ሲከፍት የሚያስተምረውን ይመርጣል፤ ተማሪው የሚደርስበትን መደምደሚያ ግን አይመርጥም።

የየከተማው ስም

ከኮተቤ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ዋና ከተሞች፣ ከዚያም ወደ አውራጃዎች ወረደ። የስም አወጣጡን አንድ ጊዜ ብቻ ልብ ብለን እንመልከተው። በመቀሌ ዐፄ ዮሐንስ፣ በጎንደር ፋሲለደስ፣ በደብረ ማርቆስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ በናዝሬት ዐፄ ገላውዴዎስ፣ በደብረ ብርሃን ኃይለ ማርያም ማሞ፣ በወሊሶ ደጃዝማች ገረሱ ዱኪ፣ በጅማ ሚያዝያ 27፣ በሐረር መድኃኔዓለም፣ በደሴ ወይዘሮ ስኂን።

ይህ ዝርዝር ራሱን የቻለ የታሪክ መጽሐፍ ነው። የተጉለትና ቡልጋው አርበኛ ኃይለ ማርያም ማሞ በጠላት እጅ የወደቀው በዚያው በሸዋ ምድር ነው፤ ገረሱ ዱኪ በወሊሶና በጅባት በኩል ጣልያንን ያስጨነቀ አርበኛ ነው፤ ሚያዝያ 27 ነጻነት የተመለሰበት ቀን ነው። ወይዘሮ ስኂን የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅና የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ስሞቹ የተመረጡት በዘውዱ ፈቃድ እንደሆነና ዘውዱን የሚያስከብሩ እንደሆኑ አይካድም። ቢሆንም ልጁ በየማለዳው በሩን ሲያልፍ የሚያነበው ስም የአገሩን ታሪክ ከመንደሩ ታሪክ ጋር ያስተሳስርለት ነበር። «የት ተማርክ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው በቁጥር ወይም በቀበሌ ስም ሳይሆን በአንድ ሰው ታሪክ ነበር።

ስንቅ፣ ደወልና የወላጆች ቀን

የትንሿ ከተማ ትምህርት ቤት ኑሮ የሚጀምረው ከከተማው ውጭ ነው። የአንድ አውራጃ ብቸኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዋናው ከተማ ስለነበረ የገጠሩ ልጅ ሦስትና አራት ሆኖ አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያል። በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ወላጆቹ ይወርድና እሑድ ማታ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። በስንቁ ውስጥ ያለው ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ ወይም ቆሎ እንደየአገሩ ይለያያል። ቤት ያከራየችው እናት ግማሽ አከራይ ግማሽ አሳዳጊ ነበረች። ልጁ ሲታመም አጃ ታፈላለታለች፤ ሲሰንፍ ለአባቱ ትልክበታለች። በእነዚያ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ነበር ከአንድ ወረዳ የመጣው ልጅ ከሌላው ወረዳ ልጅ ጋር ቋንቋና ሃይማኖት ሳይለይ አንድ ምጣድ የተጋራው።

በግቢው ውስጥ ደግሞ የታወቀው ሥርዓት አለ። ከዛፍ ላይ የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ በብረት ይመታል፤ ተማሪው በየክፍሉ ይሰለፋል፤ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፤ መዝሙር ይዘመራል። ዳይሬክተሩ በዚያ ሰልፍ ፊት የሚናገረው ቃል በከተማዋ ውስጥ ከአስተዳዳሪው ቃል የማይተናነስ ክብደት ነበረው። ከሰዓት በኋላ የክርክር ክበብ፣ የቴአትር ክበብ፣ የቀይ መስቀል ክበብ ይሰበሰባል። የክፍል ለክፍል የእግር ኳስ ግጥሚያ ከተማውን ለሁለት ይከፍላል። በዓመቱ መጨረሻ የሚከበረው የወላጆች ቀን ደግሞ የከተማው ሕዝብ ሁሉ በዓል ነበር፤ ነጋዴውና ቄሱ፣ ሼኹና የፖሊስ አዛዡ ጎን ለጎን ተቀምጠው የተማሪውን ቴአትር ያዩ ነበር። ለብዙ የአገራችን ከተሞች የመጀመሪያው ቴአትር ቤት የትምህርት ቤት አዳራሽ መሆኑን አንርሳ።

የስምንተኛ ክፍሉ «ሚኒስትሪ»ና የአሥራ ሁለተኛው «ማትሪክ» የዚህ ኑሮ ሁለት በሮች ነበሩ። ማትሪክ ያለፈ ልጅ ስሙ በሰፈሩ ሁሉ ይነገር ነበር። አንድ ልጅ ሲያልፍ አንድ ቤተሰብ ብቻ አልነበረም የሚያልፈው፤ ቤት ያከራየችውም እናት ድርሻ ነበራት።

ከሩቅ የመጡ መምህራን

ትምህርት ቤት ሲበዛ መምህር አጠረ። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ክፍተቱን የሞሉት በብዛት ከህንድ የመጡ መምህራን ነበሩ፤ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርታቸውን በህንዳዊ እንግሊዝኛ የተማሩ አባቶችና እናቶች ዛሬም በየከተማው አሉ። ከዚያም በ1955 ዓ.ም. መባቻ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ደረሱ። ቁጥራቸው ከ270 በላይ ነበር፤ ብዙዎቹም በቀጥታ ወደ ጠቅላይ ግዛት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ከእነርሱ መካከል በወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ ኋላ የአሜሪካ ሴናተር ሆነ፤ በ1992 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለፕሬዚደንትነት ዕጩነት ተወዳድሮ በቢል ክሊንተን ተሸነፈ። አንድ የወሊሶ ተማሪ የእንግሊዝኛ ደብተሩን ያረመለት ሰው ለዋይት ሐውስ ሲወዳደር ሰማ ማለት ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ለውጥ ያመጣው ግን ከ1957 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ አገር ወርዶ ማገልገል ግዴታው ሆነ፤ አብዛኛውም መምህር ሆኖ ተመደበ። መንግሥት ርካሽ መምህር አገኘ። ተማሪው በበኩሉ እስከዚያ በንድፈ ሐሳብ ብቻ ያወቀውን ጭሰኛ ፊት ለፊት አየው። የአውራጃው ልጅ ደግሞ በየካቲት 1957 «መሬት ላራሹ» እያለ ከተሰለፈው ትውልድ መካከል አንዱን በክፍሉ ውስጥ አገኘ። የስድስት ኪሎ ሐሳብ ወደ ትናንሽ ከተሞች የገባው በዋነኛነት በዚህ መንገድ ነው።

ወይዘሮ ስኂን

ደሴን ለይቼ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ለአገሪቱ ፖለቲካ ያዋጣው ሰው ከከተማው ስፋት ጋር አይመጣጠንም። የኢሕአፓ የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ብርሃነ መስቀል ረዳ እዚያ ተምሯል። ዋለልኝ መኰንንም እዚያ ተምሯል።

ዋለልኝ በኅዳር 1962 ዓ.ም. በተማሪዎች መጽሔት ላይ ያወጣው የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ ከጥቂት ገጾች አይበልጥም። ጸሐፊው በኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከማርታ መብራህቱና ከሌሎች ጓዶቹ ጋር አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር ተገደለ። እርሱ ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ስለዚያች ጽሑፍ እንጨቃጨቃለን፤ ግማሹ ነቢይ፣ ግማሹ የጥፋት አባት ያደርገዋል። እኔ ከሁለቱም አልቆምም። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ያ ጥያቄ በአንድ የደሴ ልጅ አፍ መነሣቱ ድንገተኛ ነውን? ወሎ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩና አርጎባው የሚገናኙበት፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚገኙበት ምድር ነው። የገጠሩ ልጅ ስንቁን ተሸክሞ ወደ ደሴ ሲመጣ በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ቋንቋና በገበያው ውስጥ የሚሰማው ቋንቋ አንድ አልነበረም። በእኔ ግምት ጥያቄውን ከማንም መጽሐፍ በፊት ያነበበው እዚያ ነው። መልሱን ከየትም ይውሰደው፣ ጥያቄው የተጸነሰው በትምህርት ቤቱ ግቢ ነው።

በ1965ና በ1966 ረሃቡ ወሎን ሲመታ ደግሞ ከደሴ በሚያልፈው አውራ መንገድ ላይ የተኮለኮለውን ገበሬ በየቀኑ የሚያየው የዚያው ከተማ ተማሪ ነበር። ለአዲስ አበባ ሰው ረሃቡ በፎቶግራፍ የመጣ ዜና ነበር፤ ለደሴው ተማሪ ግን የትምህርት ቤት መንገዱ ነበር።

ይህን ስል የድሮውን ትምህርት ቤት ገነት ለማስመሰል አይደለም። ብዙ ነቀፌታ አለበት። ቁጥሩ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ወደ ውስጥ ከገባው ይልቅ በር ላይ የቀረው ይበዛል። የደሴው ትምህርት ቤት በአንዲት ሴት ስም ቢጠራም በዘመኑ በአገሪቱ ክፍሎች ውስጥ የሴት ልጅ ቁጥር አንገት የሚያስደፋ ነበር። አፉን በአማርኛ ላልፈታ ልጅ ትምህርት ቤቱ ሁለት ጊዜ የውጭ አገር ነበር፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ። ይህን ሁሉ የማይቀበል ሰው ስለ ትምህርት ታሪክ ሳይሆን ስለ ናፍቆቱ እየተናገረ ነው። ሆኖም እነዚህ ጉድለቶች በር በማስፋት የሚቃኑ ነበሩ፤ ቤቱን በማፍረስ አልነበረም።

1966 እና በኋላው

የየካቲት አብዮት ሲነሣ ከመነሻዎቹ አንዱ ስለ ትምህርት ቤት የተነሣ ጠብ እንደነበረ ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። መንግሥት ያስጠናው የትምህርት ዘርፍ ክለሳ አብዛኛውን ልጅ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ገድቦ የሁለተኛ ደረጃውን በር ለማጥበብ ያሰበ ነበር። የጥናቱ አዘጋጆች የበጀቱን ልክና የሥራ አጡን ቁጥር አይተው ሊሆን ይችላል። ወላጅ የተረዳው ግን በአንድ ቃል ነው፦ መሰላሉ ሊነሣ ነው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የታክሲ ሾፌሮች በነዳጅ ዋጋ ምክንያት አብረው ቆሙ፤ ክለሳውም እንዲዘገይ ተደረገ። የጭሰኛው፣ የወታደሩና የአነስተኛ ነጋዴው ልጅ ሰው የሚሆንበት መንገድ ያ ትምህርት ቤት ብቻ ስለነበር ሕዝቡ ሊነካበት አልፈለገም።

አብዮቱ ግን ለትምህርት ቤቱ ውለታውን አልመለሰም። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀና 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ዘመተ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የላይኛዎቹ ክፍሎች ባዶ ቀሩ። ስሞችም ተለወጡ። በአዲስ አበባ እቴጌ መነን የካቲት 12፣ ተፈሪ መኰንን እንጦጦ፣ ልዑል መኰንን አዲስ ከተማ ተባሉ። በ1969ና በ1970 በቀይ ሽብር ደግሞ የክርክር ክበቡ አባል የነበረው ልጅ በክርክሩ ምክንያት ተገደለ። በየከተማው የአንድ ክፍል ልጆች ገዳይና ተገዳይ ሆኑ። ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ድምፅን ከፍ አድርጎ መከራከር የጤነኛ ልጅ ጠባይ መሆኑ ቀረ፤ ወላጅም ልጁን «ዝም በል» ብሎ ማሳደግ ጀመረ። ይህ ዝምታ ከደርግ ጋር አብሮ የወደቀ አይመስለኝም።

ሦስተኛው መንግሥት የተለየ መንገድ መረጠ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃውን አጠቃላይ ትምህርት በአሥረኛ ክፍል አበቃ፤ ከዚያ በላይ ያለውን መሰናዶና ቴክኒክና ሙያ ብሎ ለሁለት ከፈለው። ትምህርት ቤቶች በብዛት ተከፈቱ፤ ይህም ታላቅ ሥራ ነው። የገጠሩ ልጅ ስንቅ ሳይሸከም ከቤቱ ተነሥቶ ዘጠነኛ ክፍል መግባት ቻለ። ሴት ልጆች በብዛት ገቡ። ልጆችም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ፊደል ቆጠሩ። በዚያው ጊዜ ግን ለቴክኒክና ሙያው ቦታ ሲፈለግ ዓይን ያረፈው በአንጋፋዎቹ ግቢዎች ላይ ነበር። ጄኔራል ዊንጌት፣ እንጦጦ (የቀድሞው ተፈሪ መኰንን)፣ የደሴው ወይዘሮ ስኂን የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ፣ ቀጥሎም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ገባባቸው። ኮተቤማ ቀደም ብሎ የመምህራን ማሠልጠኛ ሆኖ፣ ደረጃ በደረጃ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

የሙያ ሥልጠና ክቡር ነገር ነው፤ አገር ያለ ብየዳና ያለ ኤሌክትሪክ አይቆምም። ጥያቄዬ የአዲሱን ቤት ግንባታ በአሮጌው ቤት መሠረት ላይ ማድረግ ለምን አስፈለገ የሚል ነው። እንግሊዞች ለኢቶናቸው፣ ፈረንሳዮች ለሉዊ ለ ግራን ሊሴያቸው የመቶ ዓመታት ዕድሜ የሰጡት ሕንፃው ስላማራቸው አይደለም። በአንድ ስም ሥር የሚቆም ትምህርት ቤት በየጊዜው ራሱን የሚያወዳድርበት የቀድሞ ራሱ ስላለው ነው። «ከእናንተ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠው እገሌ ነው» የሚለው ቃል ከማንኛውም የምኒስቴር መመሪያ ይበልጥ ተማሪን ያተጋል፤ መምህርንም ያሳፍራል። እኛ ግን ይህ ቃል ሊነገርባቸው የሚችሉትን ጥቂት ግቢዎች ለይተን ቃሉን ከውስጣቸው አወጣነው።

የዛሬው ሒሳብ

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው፣ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ሆነው የተፈተኑት የመጀመሪያው ፈተና ነው። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 3.3 በመቶ ነው። በ2015 ዓ.ም. ውጤቱ 3.2 በመቶ ሆነ፤ በዚያ ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። መሻሻል ነው፤ ቢሆንም ከአሥር ዘጠኙ ልጅ አሁንም ይወድቃል።

እንግዲህ 1,328 ትምህርት ቤቶች ማለት ምን ማለት ነው? አብዛኞቹ በትናንሽ ከተሞችና በገጠር ቀበሌዎች የሚገኙ ናቸው። ቤተ መጻሕፍታቸው ባዶ ነው፤ ቤተ ሙከራቸው የተቆለፈ ክፍል ነው። ዳይሬክተራቸው በፖለቲካ ነፋስ ይመጣል፣ በፖለቲካ ነፋስ ይሄዳል። መምህራቸው ሌላ ሥራ እስኪያገኝ የሚጠብቅ፣ ደመወዙ ከወሩ አጋማሽ የማያልፍለት ሰው ነው። የወላጆች ቀንም ሆነ የክርክር ክበብ የላቸውም። በቀድሞው ትምህርት ቤት የነበረው ድህነት በዛሬዎቹም አለ፤ በቀድሞው የነበረው ኩራት ግን የለም።

በዚህ ላይ ጦርነቱ ተጨመረ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ መጠለያ ሆኑ። ከነሐሴ 2015 ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሚሊዮኖች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። በትግራይም ቀደም ሲል አንድ ትውልድ ዓመታቱን አጥቷል። በ1966 መሰላሉ ሊነሣ ነው ብሎ አደባባይ የወጣው ሕዝብ ዛሬ መሰላሉ ሲሰበር ዝም ብሎ ያያል።

ዝም የሚልበት ምክንያትም አለ። ድምፅ ያለው ወገን ልጁን ከዚያ አውጥቷል። በሲኤምሲ፣ በአያት፣ በሰሚት ጎዳናዎች ጠዋት ጠዋት የሚሽከረከሩት የተማሪ ሰርቪሶች ወደ ግል ትምህርት ቤቶች ይሄዳሉ። ብዙዎቹ በኪራይ ቪላና በፎቅ ቤት ውስጥ የተከፈቱ፣ የባዕድ ስም የያዙ፣ ሜዳ የሌላቸው ናቸው። እኔም እንደ ጎረቤቶቼ ክፍያው በየዓመቱ ሲጨምር የማማርር ወላጅ ነኝና ወላጁን አልወቅስም፤ ልጅን ለአገር ጥናት መሞከሪያ አድርጎ መስጠት አይቻልም። ነገር ግን ውጤቱን እናስብ። የባለሥልጣኑ፣ የነጋዴውና የመምህሩ ልጅ ከጥበቃው ልጅ ጋር አንድ ክፍል ካልተቀመጠ ባለሥልጣኑ ስለዚያ ክፍል ጣራ ማፍሰስ መቼ ይሰማል? ኮተቤ የመኳንንቱን ልጅና የድሃውን ልጅ አንድ ወንበር ላይ ካስቀመጠ ከሰማንያ ዓመታት በኋላ፣ ከዚያው ግቢ እምብዛም ሳንርቅ፣ ወንበሩን መልሰን ለያየነው።

በቅርብ ዓመታት ክልሎች ለጎበዝ ተማሪዎች ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶችን እየከፈቱ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ምን መሥራት እንደሚችል ኮተቤ አሳይቶናልና ሐሳቡን እደግፋለሁ። ሆኖም አንድ ነገር ይጎድላቸዋል። ልጆቹን የሚመርጡት ከየራሳቸው ክልል ነው። ጎበዙን ከጎበዝ፣ የሰፈሩን ልጅ ከሰፈሩ ልጅ ጋር ማስቀመጥ ውጤት ያሳድጋል፤ አገር ግን የሚሠራው የማይተዋወቁት ሲተዋወቁ ነው።

ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ ገንዘብ የማይጠይቅ ጅምር አለ። ለቀሩት አንጋፋ ትምህርት ቤቶች ስማቸውና ግቢያቸው በሕግ ይጠበቅላቸው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሰሌዳ አይለወጥ። በየትምህርት ቤቱ ጓዳ አቧራ የሚበላው የተማሪዎች መዝገብ፣ የድሮው ፎቶግራፍና የዳይሬክተሮች ደብዳቤ ይሰብሰብ፤ የአንዲት ከተማ የማኅበራዊ ታሪክ ከዚያ በላይ የተሟላ ምንጭ የለውም። ዳይሬክተር በችሎታው ተሹሞ በአንድ ቦታ ዓመታት ይቆይ። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራት በውጭም በአገር ቤትም ለእራት ከመሰብሰብ አልፈው አንድ ቤተ ሙከራ፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት ይያዙ። በመጨረሻም የክርክር ክበቡ ይመለስ። በቀይ ሽብር የተቀበረው ያ ክበብ እስካልተነሣ ድረስ ከየከተማው የሚወጣው ወጣት ልዩነቱን በድንጋይና በጥይት ካልሆነ በሌላ መንገድ መግለጽን ከየት ይማረው?

ወይዘሮ ስኂን ላይ የተማሩት ልጆች ለአገራቸው ችግር ያቀረቡት መልስ ትክክል ነበር አልነበረም ብለን ገና ለብዙ ዓመታት እንከራከራለን። ጥያቄውን ለማንሣት የሚያበቃ ትምህርት ቤት ግን ነበራቸው። ዛሬ በዚያው ምድር በአንዲት ትንሽ ከተማ ተቀምጦ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን የሚጠብቀው ልጅ ከእነርሱ ያነሰ አእምሮ የለውም። ያነሰው ትምህርት ቤቱ ነው።

ቸር እንሰንብት።